ለሦስተኛ እጩ የተሰጠ ድምፅ የት ይደርሳል?

የአንባቢያን ጥያቄና የአዘጋጆቹ መልስ

ስለ አሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ብዙዎቹ የሚያነሱት አንድ ጉዳይ ነው፤ ከዴሞክራቶችና ከሪፐብሊካኖች ውጭ ላለ እጩ ድምፅ መስጠት ምን ያስከትላል? ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አድርገን መልሰናል። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጆች፣ ሁለቱም ትላልቅ ፓርቲዎች አላረኩኝም። ለሦስተኛ እጩ ልስጥ ስል ግን ጓደኞቼ «ለሦስተኛ መስጠት ለጠላህው መስጠት ነው» እያሉ ያስጨንቁኛል። እውነት ነው? (አንባቢ፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

መልስ፦ ጓደኞችዎ ግማሹን ብቻ ነው የነገሩዎት። ወትሮ ዴሞክራቱን ይመርጡ ነበር እንበል። ዘንድሮ ተቆጥተው ለሪፐብሊካኑ ቢሰጡ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በሁለት ድምፅ ይለወጣል፤ አንዱ አንድ ያጣል፣ ሌላው አንድ ያገኛል። ለሦስተኛ እጩ ቢሰጡ ግን ልዩነቱ የሚለወጠው በአንድ ነው። ቤትዎ ቢቀሩም እንዲሁ በአንድ ነው። ስለዚህ ለሦስተኛ መስጠት በሁለቱ ትላልቅ እጩዎች ፉክክር ላይ ያለው ውጤት ካለመምረጥ ጋር እኩል ነው፤ ለተቃራኒው ከመስጠት ጋር እኩል አይደለም። ወትሮም ከሁለቱ አንዳቸውንም የማይመርጥ ሰው ከሆኑ ደግሞ ከማንም ምንም አልወሰዱም።

በእርስዎው ክፍለ ግዛት በ2021 የገዥ ምርጫ ሲካሄድ በዋሽንግተን የኢትዮጵያ ፖሊሲ የተቆጡ አንዳንድ ኢትዮጵያውያን አሜሪካውያን ወገኖቻቸው ለሪፐብሊካኑ ግሌን ያንግኪን እንዲሰጡ ቀስቅሰው ነበር። በዚያው ወረቀት ላይ ሦስተኛ እጩም ነበረች፤ 23 ሺህ ገደማ ድምፅ አገኘች። ያንግኪን ያሸነፈው ከ63 ሺህ በሚበልጥ ልዩነት ስለሆነ የእርሷ ድምፆች ሁሉ ለዴሞክራቱ ቴሪ መኮሊፍ ቢገቡ እንኳ ውጤቱ አይቀየርም ነበር። ከአንዱ ወደ ሌላው የተሻገረ እያንዳንዱ ድምፅ ግን በልዩነቱ ላይ እጥፍ ይመዝን ነበር።

ሁለተኛው ነገር ቦታ ነው። ፕሬዚዳንቱን የሚመርጡት 538 ወኪል መራጮች ናቸው፤ ለማሸነፍ 270 ያስፈልጋል። በ48 ክፍለ ግዛቶችና በዋሽንግተን ዲሲ አንደኛ የወጣው እጩ የቦታውን ወኪል መራጮች በሙሉ ይጠቀልላል፤ ሜይንና ኔብራስካ ብቻ ከፊሉን በምክር ቤት ወረዳ ያከፋፍላሉ። አንደኛ ለመውጣት ደግሞ ከግማሽ በላይ ማግኘት ግዴታ አይደለም፤ ከሌሎቹ በአንድ ድምፅ መብለጥ ይበቃል። ድምፅ መከፋፈል ጉዳት የሚያመጣው በዚህች ሕግ የተነሳ ነው። ዲሲ ውስጥ ዴሞክራቱ ሁልጊዜ በሰፊ ልዩነት ስለሚያሸንፍ ለሦስተኛ የሰጡት ድምፅ ምንም አይነቀንቅም። ቨርጂኒያ በ2024 ካማላ ሃሪስን የመረጠችው ከ5 ከመቶ በሚበልጥ ልዩነት ነው። ሚዛን ደፊ በሆኑት በፔንሲልቬንያ፣ በዊስኮንሲን፣ በሚሺጋን፣ በጆርጂያ፣ በአሪዞና ወይም በኔቫዳ ቢኖሩ ግን መልሳችን ሌላ ይሆን ነበር።

ለቅሬታዎ ሌላም መድረክ እንዳለ አይዘንጉ። ፓርቲዎቹ እጩአቸውን በሚለዩበት ቅድመ ምርጫ ላይ ተቃውሞን መግለጥ የኖቬምበሩን ድምፅ አይከፍልም። በፌብሩዋሪ 2024 በሚሺጋን የዴሞክራቶች ቅድመ ምርጫ በጋዛ ጉዳይ የተቆጡ ከ100 ሺህ በላይ መራጮች «ውሳኔ የለኝም» የሚለውን ሣጥን መርጠዋል፤ ከጠቅላላው ድምፅ 13 ከመቶ ገደማ ማለት ነው። አገር ሁሉ አወራበት፤ ለሌላ ፓርቲም አንድ ወኪል መራጭ አላስገኘም። ቨርጂኒያ ውስጥ መራጭ በፓርቲ ስለማይመዘገብ በፈለጉት ፓርቲ ቅድመ ምርጫ መሳተፍ ይችላሉ። ወንዙን ተሻግረው ሜሪላንድ ከገቡ ግን በዚያ ፓርቲ ስም የተመዘገበ ብቻ ነው የሚመርጠው፤ እንደ ግሪን ባለ ትንሽ ፓርቲ ወይም ያለ ፓርቲ የተመዘገበ ሰው የዴሞክራቶቹና የሪፐብሊካኖቹ ቅድመ ምርጫ ያመልጠዋል።

ጥያቄ፦ በ2000 ዴሞክራቱን አል ጎርን ያሸነፈው የግሪን ፓርቲው ራልፍ ኔደር ነው ይባላል። በ2016ም ዴሞክራቷን ሂላሪ ክሊንተንን የጣለችው የዚያው ፓርቲ እጩ ጂል ስታይን ናት ይላሉ። ይህ በማስረጃ የተረጋገጠ ነው ወይስ ተሸናፊ የሚያወራው? (አንባቢ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ አንድ ላይ መነሳታቸው ብዙ ሰው አሳስቷል። ይህን ለመለየት ሦስት ቁጥሮች ያስፈልጋሉ፦ በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል ያለው ልዩነት፣ ሦስተኛው ያገኘው ድምፅ፣ እና የሦስተኛው ደጋፊዎች እርሱ ባይኖር ለማን ይሰጡ እንደነበር። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በመዝገብ ይገኛሉ። ሦስተኛው ግን የሚገመት ነው፤ ጭቅጭቁም ያለው እዚያ ላይ ነው።

የ2000ን ምርጫ የወሰነችውን ፍሎሪዳን እንውሰድ። ሪፐብሊካኑ ጆርጅ ቡሽ 2,912,790፣ ጎር 2,912,253 አገኙ፤ ልዩነቱ 537። ኔደር 97,488 ድምፅ ነበረው። ከኔደር ደጋፊዎች ለጎር የሚሄዱት ለቡሽ ከሚሄዱት በ538 ብቻ ቢበልጡ ፍሎሪዳ የጎር ትሆን ነበር። ይህም ከኔደር ድምፅ አንድ ከመቶ እንኳ አይሞላም፤ ግማሽ ከመቶን ጥቂት ያልፋል። የፍሎሪዳን የድምፅ መስጫ ወረቀቶች አንድ በአንድ የመረመሩ የፖለቲካ ሳይንስ ሊቃውንት የኔደር መራጮች በሙሉ ለጎር ያደሉ ነበሩ የሚለው ትክክል እንዳልሆነ አሳይተዋል፤ የግድ ከሁለቱ አንዱን ቢመርጡ ለጎር የሚሰጡት 60 ከመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ነገር ግን 60 ለ40 እንኳ ቢሆን በኔደር ድምፅ ላይ ሲሰላ የ19 ሺህ ብልጫ ይሰጣል። አብዛኞቹ ቤታቸው ይቀሩ ነበር ብንልም 537ቱን ለመሙላት ይተርፋል። ስለዚህ ስለ ፍሎሪዳ የሚባለው ጠንካራ መሠረት አለው።

ኒው ሃምፕሺርም ተመሳሳይ ነው። ቡሽ እዚያ ያሸነፈው በ7,211 ድምፅ ነው፤ ኔደር 22,198 አገኘ። ጎር የኒው ሃምፕሺርን 4 ወኪል መራጮች ቢያገኝ ያለ ፍሎሪዳም 270ን ያልፍ ነበር። ሆኖም ፍሎሪዳ የተበላሸችው በኔደር ብቻ አይደለም። በፓልም ቢች ካውንቲ የእጩዎቹ ስም በወረቀቱ ግራና ቀኝ ተጽፎ የሚበሱት ቀዳዳዎች መሀል ላይ ተደርድረው ነበር። የጎር ስም በግራ በኩል ሁለተኛ ሆኖ ሳለ ቀዳዳው ሦስተኛው ነበር፤ ሁለተኛው ቀዳዳ በቀኝ በኩል የተጻፈው የሌላ ሦስተኛ ፓርቲ እጩ የፓት ቡካናን ነው። ቡካናን በዚያ ካውንቲ ከ3,400 በላይ ድምፅ አገኘ፤ ከ19 ሺህ በላይ ወረቀቶች ደግሞ ሁለት ቦታ ተበስተው ውድቅ ሆኑ። ልዩነቱ 537 ሲሆን ጠባብ ስህተት ሁሉ ወሳኝ ይሆናል፤ አንዱን መርጦ «ምክንያቱ ይህ ብቻ ነው» ማለት ሐቀኝነት አይደለም።

ወደ 2016 እንምጣ። ክሊንተን ለማሸነፍ ሚሺጋንን፣ ዊስኮንሲንንና ፔንሲልቬንያን ሦስቱንም ያስፈልጓት ነበር፤ ከሦስቱ ሁለቱ አይበቁም። ዶናልድ ትራምፕ ሚሺጋንን በ10,704 ድምፅ አሸነፈ፣ ስታይን 51,463 አገኘች። ዊስኮንሲን ላይ ልዩነቱ 22,748፣ የስታይን 31,072። ፔንሲልቬንያ ላይ ልዩነቱ 44,292፣ የስታይን 49,941። ሦስቱም ቦታ የስታይን ድምፅ ከልዩነቱ ይበልጣልና ሰዎች ነገሩ ያለቀ ይመስላቸዋል። ሂሳቡን ግን ይጨርሱት። በሚሺጋን ከስታይን ደጋፊዎች የተጣራ 21 ከመቶ ለክሊንተን ቢሄድ ይበቃል፤ በዊስኮንሲን 73 ከመቶ፣ በፔንሲልቬንያ ግን 89 ከመቶ ገደማ ያስፈልጋል። የተጣራ ስንል ለትራምፕ የሚሄዱት ተቀንሰው፣ ቤታቸው የሚቀሩትም ሳይቆጠሩ ማለታችን ነው። ለግሪን ፓርቲ ሊሰጥ ከቤቱ የወጣ ሰው 89 ከመቶ ለዴሞክራት ይገባ ነበር ብሎ ማሰብ ይከብዳል። በዚያ ላይ የሌላው ሦስተኛ ፓርቲ፣ የሊበርታሪያን፣ እጩ ጋሪ ጆንሰን በሦስቱም ቦታ ከስታይን በሦስት እጥፍ አካባቢ ድምፅ ነበረው። የስታይንን ለክሊንተን የሚሰጥ ሰው የጆንሰንን ለማን ሊሰጥ ነው?

በ2024 ደግሞ ጥያቄው አይነሳም። በሚሺጋን የትራምፕ ብልጫ 80 ሺህ ገደማ ሲሆን የስታይን ድምፅ 45 ሺህ ገደማ ነበር፤ በሙሉ ቢጨመርም አይደርስም።

ሰው «እገሌ ድምፅ ከፈለ» ሲልዎት እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ይጠይቁት። ሁለቱን ብቻ ይዞ የመጣ ገና ምንም አላረጋገጠም።

ጥያቄ፦ የግል እጩው ሮስ ፔሮ 19 ከመቶ አግኝቶ አንድም ወኪል መራጭ ያላገኘው እንዴት ነው? የኢትዮጵያስ የምክር ቤት ምርጫ በዚሁ ሥርዓት ነው የሚሠራው? (አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ድምፁ አገር ሙሉ ስለተበተነ። በ1992 ፔሮ ወደ 19.7 ሚሊዮን ድምፅ አገኘ፤ 18.9 ከመቶ ነው። በሜይንና በዩታ ሁለተኛ ሆነ፤ አንደኛ የወጣበት ክፍለ ግዛት ግን የለም። በአንጻሩ ጆርጅ ዋላስ በ1968 ያገኘው 13.5 ከመቶ ብቻ ነበር። ነገር ግን የዘር መለያየትን ደግፎ የቆመ እጩ ስለነበር ድምፁ በደቡብ ተከማችቶ አላባማን፣ አርካንሶን፣ ጆርጂያን፣ ሉዊዚያናንና ሚሲሲፒን አሸነፈ፤ 46 ወኪል መራጮችም አገኘ። ለሦስተኛ እጩ ከብዛት ይልቅ ክምችት ይጠቅማል።

ፔሮ አባት ቡሽን አሸነፈው የሚለውም ተደጋግሞ የሚነገር ነው። ከምርጫ ጣቢያ ሲወጡ የተጠየቁት የፔሮ መራጮች ሁለተኛ ምርጫቸው ለቡሽና ለዴሞክራቱ ቢል ክሊንተን እኩል ለእኩል የተከፈለ ነበር። ሦስተኛው ቁጥር እኩል ሲሆን የሁለቱን ብልጫ አያነቃንቅም። ጥርት ያለ የመከፋፈል ምሳሌ ከፈለጉ 1912ን ይመልከቱ፤ የቀድሞው ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ከሪፐብሊካን ፓርቲ ወጥቶ በራሱ ፓርቲ ተወዳደረ። እርሱ 27.4 ከመቶ፣ በሥልጣን ላይ የነበረው ሪፐብሊካኑ ታፍት 23.2 ከመቶ ያዙ። ሲደመሩ ከግማሽ ይበልጣሉ፤ ዴሞክራቱ ዉድሮው ዊልሰን ግን በ41.8 ከመቶ 435 ወኪል መራጮችን ጠቀለለ። ታፍት የደረሰው 8 ብቻ ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነው የ1844ቱ ነው። የፀረ ባርነቱ የሊበርቲ ፓርቲ እጩ ጄምስ በርኒ በኒው ዮርክ 15,800 ገደማ ድምፅ አገኘ። ዴሞክራቱ ጄምስ ፖክ ኒው ዮርክን በ5,100 ገደማ ብልጫ ሲያሸንፍ ከነ36 ወኪል መራጮቿ ፕሬዚዳንትነቱን ያዘ፤ ኒው ዮርክ ባትኖረው ተቀናቃኙ ሄንሪ ክሌይ ያሸንፍ ነበር። ፖክ ቴክሳስን ለመጠቅለል የቆመ ሰው ነበርና ቴክሳስ በቀጣዩ ዓመት ባርነት የተፈቀደባት ክፍለ ግዛት ሆና ገባች። ክሌይም ራሱ ባሪያ አሳዳሪ ስለነበር የሊበርቲ ሰዎች ኅሊናቸው አልፈቀደም፤ እንፈርድባቸው ዘንድ አይገባም። የድምፅ አሰጣጡ ሕግ «ይህን እሻለሁ፣ ካልሆነም ያንኛው ይሻለኛል» የሚሉበት ቦታ አልሰጣቸውም ነበር።

ደብዳቤዎ መጨረሻ ላይ የጠየቁትን በአጭሩ፦ አዎ፣ የኢትዮጵያም የምክር ቤት ምርጫ በዚሁ በአብላጫ ድምፅ ሥርዓት ነው የሚሠራው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 በየምርጫ ክልሉ ከተወዳዳሪዎቹ ብዙ ድምፅ ያገኘው እንዲያሸንፍ ይደነግጋል፤ ከግማሽ በላይ አይጠይቅም። ተቀራራቢ ፓርቲዎች በአንድ የምርጫ ክልል እጩ ሲያቀርቡ የሚደርስባቸው ያው ነው።

ጥያቄ፦ በአንዳንድ ክፍለ ግዛት አምስት ስድስት እጩ፣ በሌላው ሁለት ብቻ የሚታየው ለምንድን ነው? (አንባቢ፣ ከአትላንታ)

መልስ፦ አገር አቀፍ ምዝገባ ስለሌለ ነው። አንድ የግል እጩ በ50 ክፍለ ግዛቶችና በዲሲ፣ 51 የተለያዩ ሕጎችን ማሟላት አለበት። ቴነሲ 275 ፊርማ ይበቃታል፤ ከዚያ ጋር የወኪል መራጮቹን ስም ዝርዝር ማቅረብ ነው። ቴክሳስ ደግሞ ባለፈው ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ከተሰጠው ድምፅ አንድ ከመቶ የሚያህል ፊርማ ትጠይቃለች፤ ለ2024 ከ113 ሺህ በላይ ነበር። ፈራሚዎቹም በዚያ ዓመት ቅድመ ምርጫ ያልመረጡ መሆን አለባቸው፤ የሚሰበሰበውም ቅድመ ምርጫው ካለፈ በኋላ በሚቀሩት ጥቂት ሳምንታት ነው። ኒው ዮርክ በ2020 ሕጓን አጥብቃ 45 ሺህ ፊርማ በስድስት ሳምንት አደረገችው፤ በ2024 ወረቀቷ ላይ የታተሙት ትራምፕና ሃሪስ ብቻ ነበሩ።

ፊርማ የሚያሰባስብ ቡድን ከተፈለገው በላይ መሰብሰብ ይገባዋል፤ አድራሻው ያልገጠመ፣ ያልተመዘገበ፣ ሁለት ጊዜ የፈረመ ሁሉ ይሰረዛልና። ተቀናቃኝ ፓርቲዎችም ጠበቃ ቀጥረው ፊርማውን አንድ በአንድ ይመረምራሉ። ቅጹ ራሱ ያሰናክላል፦ በ2024 የኔቫዳ ግሪን ፓርቲ ፊርማውን በበቂ አሰባስቦ ነበር፤ ነገር ግን ከክፍለ ግዛቱ ጽሕፈት ቤት ተልኮለት የተጠቀመበት ቅጽ ለሕዝበ ውሳኔ የሚሆነው ሆኖ ተገኘ፤ የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከወረቀቱ አስወጣው። በባለሥልጣን እጅ የተሰጠ ቅጽ መራጩን ምርጫ ማሳጣቱ አግባብ ነው ብለን አናምንም።

መውጣትም እንደ መግባት ይከብዳል። የግል እጩው ሮበርት ኬኔዲ ጁኒየር በኦገስት 2024 ዘመቻውን አቁሞ ትራምፕን ደገፈ፤ የሚሺጋንና የዊስኮንሲን ወረቀቶች ላይ ግን ስሙ ቀረ። በሚሺጋን ከ26 ሺህ በላይ፣ በዊስኮንሲን ከ17 ሺህ በላይ ሰው መረጠው። ከመምረጥዎ በፊት እጩው አሁንም በውድድር ላይ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ወረቀቱ አይነግርዎትም።

በተረፈ የበጋ የሕዝብ አስተያየት ጥናት አያታልልዎ። የግል እጩው ጆን አንደርሰን በ1980 አጋማሽ ከ20 ከመቶ በላይ ይደገፍ ነበር፤ በኖቬምበር 6.6 ከመቶ አገኘ። ቀኑ ሲቀርብ መራጩ የሚፈራውን ለማስቆም ወደ ትላልቆቹ ይመለሳል። ግሪንና ሊበርታሪያን ደጋግመው የሚያልሙት 5 ከመቶም ያልተደረሰው በዚሁ የተነሳ ነው። አምስት ከመቶ ያገኘ ፓርቲ ለቀጣዩ ምርጫ ከፌዴራሉ መንግሥት የዘመቻ ገንዘብ ድርሻ ይገባዋል። ኔደር በ2000 ያንን ፈልጎ 2.7 ከመቶ ላይ ቀረ።

ጥያቄ፦ ላስ ቬጋስ ነው የምኖረው። ወረቀቱ ላይ የሌለ ሰው ስም በእጄ ጽፌ ብመርጥ ይቆጠራል?

መልስ፦ ኔቫዳ ውስጥ አይቻልም፤ ስም የሚጻፍበት ቦታ የለም። በምትኩ «ከእነዚህ እጩዎች አንዳቸውንም» የሚል ሣጥን አለ። ተቆጥሮ ይታተማል፤ ብዙ ድምፅ ቢያገኝ እንኳ ግን የሚያሸንፈው ከሰዎቹ አንደኛ የወጣው ነው። ስም መጻፍ በሚፈቀድባቸው ብዙ ክፍለ ግዛቶችም እጩው አስቀድሞ ለዚሁ ካልተመዘገበና ወኪል መራጮቹን ካላስታወቀ የጻፉት ስም በቆጠራ አይገባም።

ጥያቄ፦ ማንም 270 ካላገኘ ምርጫው ይደገማል? (አንባቢ፣ ከሚኒያፖሊስ)

መልስ፦ አይደገምም። በ1804 የጸደቀው 12ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ጉዳዩን ለተወካዮች ምክር ቤት ይሰጣል። ምክር ቤቱ በወኪል መራጮች ብዛት ከአንድ እስከ ሦስት ከወጡት መካከል ይመርጣል። ድምፁ ግን በሰው ቁጥር አይደለም፤ እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት አንድ ድምፅ አለው። 52 ተወካይ ያላት ካሊፎርኒያና አንድ ተወካይ ብቻ ያላት ዋዮሚንግ እኩል ናቸው። ለማሸነፍ 26 ክፍለ ግዛት ያስፈልጋል። የአንድ ክፍለ ግዛት ተወካዮች እኩል ለእኩል ከተከፈሉ ድምፃቸው ይባክናል፤ ዲሲ ጭራሽ ድምፅ የላትም። ምክትል ፕሬዚዳንቱን ደግሞ ሴኔቱ ከሁለቱ ቀዳሚዎች ይመርጣል፤ ስለዚህ ሁለቱ ከተለያየ ፓርቲ ሊሆኑ ይችላሉ።

በዚህ መንገድ ፕሬዚዳንት የተመረጠው በ1825 ነው። አንድሩ ጃክሰን 99፣ ጆን ኩዊንሲ አዳምስ 84፣ ክሮፎርድ 41፣ ክሌይ 37 ወኪል መራጮች ነበሯቸው። አራተኛው ክሌይ ከውድድሩ ወጥቶ አዳምስን ደገፈ፤ ከ24 ክፍለ ግዛቶች 13ቱ አዳምስን መረጡ። ክሌይ ወዲያው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሲሆን የጃክሰን ሰዎች በሙስና ከሰሷቸው፤ በ1828 ጃክሰን አሸነፈ። ዋላስም በ1968 ያሰበው ይህንኑ ነበር፤ ማንም ግማሹን ካላለፈ ወኪል መራጮቹን ይዞ ሊደራደር። ኒክሰን 301 በማግኘቱ ሐሳቡ ከሸፈ። አንድን ወገን ለማስደንገጥ ብለው ለሦስተኛ የሚሰጡ ሰዎች የሚረሱት ይህ ነው፦ ሦስተኛው እጩ እጅግ ቢሳካለት ውሳኔው ከመራጩ እጅ ወጥቶ ምክር ቤት ይገባል።

ጥያቄ፦ እኔ ዲሲ፣ እህቴ ፔንሲልቬንያ እንኖራለን። እኔ ለእርሷ እጩ፣ እርሷ ለእኔ እጩ ብንለዋወጥ ሕግ ያግደናል?

መልስ፦ ገንዘብ እስካልገባበት ድረስ መነጋገር መብታችሁ ነው። በ2000 ይህን የሚያገናኙ ድረ ገጾች ተከፍተው ካሊፎርኒያ ባስፈራራቻቸው ጊዜ ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ በ2007 የዘጠነኛው ወረዳ የይግባኝ ፍርድ ቤት በመናገር ነፃነት የተጠበቀ ነው ብሎ ፈርዷል። ድምፅን በገንዘብ መግዛትና መሸጥ ግን የፌዴራል ወንጀል ነው። ድምፅ ምሥጢር ስለሆነ የቃሉን ፍጻሜ ማንም ማረጋገጥ አይችልም፤ ለማያውቁት ሰው አያድርጉት።

ጥያቄ፦ እዚህ ዲሲ እጩዎችን በቅደም ተከተል መምረጥ መጥቷል። ድምፅ መከፋፈልን ያስቀራል? አሞላሉስ? (አንባቢት፣ ከዋሽንግተን ዲሲ)

መልስ፦ የዲሲ መራጮች ይህን በኖቬምበር 2024 በሰፊ ድጋፍ አጽድቀውታል። ሜይን በ2020 ለፕሬዚዳንት ምርጫ የተጠቀመችበት የመጀመሪያዋ ክፍለ ግዛት ናት፤ አላስካም በ2024 ተጠቅማበታለች።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በጣም የሚፈልጉትን አንደኛ፣ እርሱ ካልሆነ የሚሻልዎትን ሁለተኛ እያሉ ይሄዳሉ፤ ዲሲ ላይ እስከ አምስት ነው። መጀመሪያ የሁሉም አንደኛ ምርጫ ይቆጠራል። ከግማሽ በላይ ያገኘ ካለ አለቀ። ከሌለ የመጨረሻው እጩ ከውድድሩ ይወጣና የእርሱ መራጮች ወረቀት ወደ ሁለተኛ ምርጫቸው ይተላለፋል፤ አሸናፊ እስኪገኝ ይቀጥላል። ሁለተኛ ምርጫዎ የሚታየው አንደኛዎ ከወጣ በኋላ ብቻ ስለሆነ ሌሎችን መጨመር አንደኛውን አይጎዳም።

የሜይን ሁለተኛ ወረዳ የ2018 የምክር ቤት ምርጫ በቁጥር ያሳያል። ሪፐብሊካኑ ብሩስ ፖሊኩዊን 134,184፣ ዴሞክራቱ ጃሬድ ጎልደን 132,013፣ ሁለት የግል እጩዎች 16,552 እና 6,875 አገኙ። በድሮው ሕግ ፖሊኩዊን በ2,171 ብልጫ ያሸንፍ ነበር። የሁለቱ የግል እጩዎች 23,427 ወረቀቶች ሲተላለፉ 10,427 ለጎልደን፣ 4,747 ለፖሊኩዊን ደረሱ። ጎልደን በ142,440 ለ138,931 አሸነፈ። ቀደም ብለን «የሚገመት ነው» ያልነው ሦስተኛው ቁጥር እዚህ በመራጩ በራሱ እጅ ተጽፏል። የቀሩት 8,253 ወረቀቶች ግን ለማንም አልደረሱም፤ መራጮቻቸው ከሁለቱ ቀዳሚዎች አንዳቸውንም ስላላሰፈሩ ወይም በትክክል ስላልሞሉ ነው።

አሞላል ላይ የሚበዙት ስህተቶች ሦስት ናቸው። አንዱን እጩ በሁሉም ረድፍ መሙላት ጉልበት የሚጨምር የሚመስላቸው አሉ፤ አንድ ጊዜ እንደ መሙላት ነው የሚቆጠረው፤ የቀሩት ረድፎች ባከኑ። ሁለት ሰው በአንድ ደረጃ መሙላት የባሰ ነው፤ ማሽኑ የትኛውን እንደፈለጉ ስለማያውቅ ወረቀትዎ እዚያ ሊቆም ይችላል። ደረጃ መዝለልም አያስፈልግም። ከተሳሳቱ ሰርዘው አያስተካክሉት፤ ወረቀቱን መልሰው አዲስ ይጠይቁ። የዲሲ ምርጫ ቦርድ ለመራጮች የሚሆነውን መረጃ በአማርኛም ያዘጋጃል፤ ለእናቶችና ለአባቶች ከምርጫው ቀን በፊት እቤት ያሳዩአቸው።

መከፋፈልን ፈጽሞ ያስቀራል ግን አንልም። ሦስተኛው ደካማ ሲሆን ይሠራል፤ ሦስቱም ሲቀራረቡ ችግሩ በሌላ በር ይመለሳል። በኦገስት 2022 በአላስካ ልዩ ምርጫ ዴሞክራቷ ሜሪ ፔልቶላ 40 ከመቶ፣ ሪፐብሊካኖቹ ሣራ ፔሊን 31፣ ኒክ ቤጊች 28 ከመቶ ገደማ አገኙ። ቤጊች መጀመሪያ ከውድድሩ ወጣ፤ ከእርሱ መራጮች ግማሽ ያህሉ ብቻ ወደ ፔሊን ሄደው ፔልቶላ አሸነፈች። ወረቀቶቹ በኋላ ሲመረመሩ ቤጊች ከፔልቶላ ጋር ብቻውን ቢገጥም፣ ከፔሊን ጋርም ብቻውን ቢገጥም ያሸንፍ እንደነበር ታየ። የብዙ ሰው ሁለተኛ ምርጫ የሆነ፣ አንደኛ ያደረጉት ግን ያነሱ እጩ በዚህ ቆጠራ ገና በመጀመሪያው ዙር ይወድቃል። እንደ እኛ እምነት ከአሁኑ ሥርዓት እጅግ ይሻላል፤ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ላይ ግን ሚዛን ደፊዎቹ ክፍለ ግዛቶች ካልተቀበሉት የዲሲና የሜይን መራጭ ነፃነት ፔንሲልቬንያ ያለችውን እህት አይደርስላትም።